ቪትዝ ስንት ሳንቲሜትር ትውረድ? ለአዲስ አበባ መንገድ የሚሆነውን ከፍታ መምረጥ

ዝቅ ያለች ቪትዝ ታምራለች። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ሰፊ ክፍተት ሲጠብ መኪናዋ መሬቱን ቆንጥጣ የያዘች ትመስላለች፤ ሥራው በአግባቡ ከተሠራም ኩርባ ላይ አያያዟ ይሻሻላል። ስለዚህ «ተዉት፣ አታውርዱ» ለማለት አልተነሣሁም። የሚያነጋግረን «ስንት?» የሚለው ነው። ሁለት ተኩል ሳንቲሜትር የወረደችና አምስት ሳንቲሜትር የወረደች ቪትዝ ፎቶ ላይ ልዩነታቸው ያን ያህል ጎልቶ አይታይም። ከጀሞ ተነሥቶ ሜክሲኮ ሥራ የሚገባ ሰው ግን ልዩነቱን ጠዋትና ማታ ከመኪናው ሥር ይሰማዋል።

አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። አዲስ አበባ ውስጥ ለሥራም ለቤተሰብም ለምትነዳ ቪትዝ ልኩ ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ነው፤ እሱም ለመኪናዋ ተብሎ በተሠራ ሞላ (ክብደቷን በሚሸከመው ጥምዝ ብረት)፣ የጎማው ቁመት ሳይነካ። ከዚያ በላይ ማውረድ የሚያዋጣው ሰው አለ፤ ጥቂት ነው። ሌሎቹን ምርጫዎች ከዚህ ጋር እያስተያየሁ ምክንያቴን እዘረዝራለሁ።

ጉዳዩ ከበፊቱ ይልቅ ክብደት አግኝቷል። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። እጃችን ላይ ያለችው ቪትዝ ገና ብዙ ዓመት ልታገለግለን ነው፤ ኮፓዋ (ከሥር ያለው የሞተር ዘይት መያዣ) የተሰነጠቀ፣ የአሞርቲዛተር (የንዝረት ማብረጃ) መቀመጫዋ የተደበደበ መኪና ደግሞ ስትነዳም ስትሸጥም ባለቤቷን ታከስራለች።

መጀመሪያ ያላችሁን ለኩ

ቪትዝ ሦስት ትውልድ አላት። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1999 ወጣ፣ ሁለተኛው በ2005፣ ሦስተኛው በ2010 መጨረሻ ላይ። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት በየተራ 2,370፣ 2,460 እና 2,510 ሚሊሜትር ነው። በሦስቱም የፊት ጎማ የሚቆመው ሞላና አሞርቲዛተር አንድ ላይ በተጣመሩበት ማክፈርሰን በሚባለው አሠራር ነው፤ ከኋላ ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኝ አንድ ተጣማሚ ምሰሶ አለ። ከሥር ያለው ክፍተት እንደ ምርት ዘመኑና እንደ ጎማው ከ14 እስከ 15 ሳንቲሜትር አካባቢ ነው።

ይህ ግን የአዲስ መኪና ቁጥር ነው። አሥርና አሥራ አምስት ዓመት የሠራ ሞላ በራሱ ጊዜ ይረግባል፤ አንዳንዷ ቪትዝ ማንም ሳይነካት ወርዳለች። ስለዚህ ሌላ ሰው «ሦስት አወረድኩ» ስላለ እናንተም ሦስት ብታወርዱ አንድ ቦታ ላይ አትደርሱም። ሜዳ ቦታ አቁሙ፣ ጥቂት ሜትር ወደፊትና ወደኋላ አንቀሳቅሳችሁ ሞላው ይረጋጋ፣ ከዚያ ከቸርኬው መሃል ነጥብ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ቀጥ አድርጋችሁ ለኩ፤ አራቱንም። ከመሬት መለካት ያሳስታል፤ የጎማው ንፋስና ያለቀው ጥርስ ቁጥሩ ውስጥ ይገባሉ። ግራና ቀኙ ከአንድ ሳንቲሜትር በላይ ከተለያየ፣ ስለ ማውረድ ከማሰባችሁ በፊት የደከመ ወይም የተሰበረ ሞላ መኖሩን አረጋግጡ።

ቀጥሎ ከሥር ዝቅ ያለውን ነገር ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የጭስ ማውጫው ቱቦ መጋጠሚያ፣ ሞተሩን የሚሸከመው የብረት ድልድይ ወይም ተንጠልጥሎ የቀረ የፕላስቲክ መሸፈኛ ነው። መሸፈኛው ሲቧጭ ድምፁ ያስደነግጣል እንጂ ብዙ አይጎዳም። ኮፓ ሲመታ ግን ዘይት ይፈሳል፣ የዘይት መብራቱን ያላየ ሹፌርም ሞተር ይጨርሳል። ቁጥሩን ስትጽፉ የትኛው አካል እንደሆነም ጻፉ።

የጃፓንን ልኬት እዚህ ማንሳት ይጠቅማል፤ ለቪትዝ የሚሠሩት ሞላዎች በአብዛኛው ከዚያ ናቸውና። በጃፓን የተሽከርካሪ ምርመራ ከሥር ያለው ክፍተት ከ9 ሳንቲሜትር ካነሰ መኪናው አያልፍም። የጃፓን ሞላ አምራቾች፣ ታናቤም ይሁን አርኤስአር ወይም ቴይን፣ ዕቃቸውን ለመንገድ የሚሸጡት ይህን ገደብ አስበው ነው። «በጃፓን ሕጋዊ ነው» ማለት እንግዲህ በዚያ አስፋልት ላይ ዘጠኝ ይበቃል ማለት ነው። ለእኛ መንገድ የተሰጠ ምስክርነት አይደለም።

ከጉብታው ቁመት ይልቅ ቅርጹ

ሰው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታን በቁመቱ ይፈራል። ቅርጹ ግን ይበልጣል። ርዝመቱ 3.7 ሜትር፣ ቁመቱ 10 ሳንቲሜትር የሆነ እንደ ቀስት የተለጠጠ ጉብታ ላይ ቪትዝ ስትወጣ አራቱም ጎማ አብሮ ከፍ ይላል፤ ከሆዷ ሥር የሚሻማው ከፍታ 4.5 ሳንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። በአንጻሩ የሰፈር ሰው ተባብሮ ያሠራው፣ ስፋቱ ከግማሽ ሜትር የማይበልጥ የሲሚንቶ ጉብታ ቁመቱ ያው 10 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ የፊት ጎማ አልፎት የኋላው ሳይደርስ ሙሉውን 10 ሳንቲሜትር ይወስዳል። ዋናው መንገድ ላይ ያለችግር የምታልፍ መኪና ቤት ደጃፍ ላይ የምትቧጨው ለዚህ ነው።

ይህም መኪናዋ ዝም ብላ ቆማ ቢሆን ነው። በእንቅስቃሴ ላይ የፊት ጎማ ከጉብታው ሲወርድ አፍንጫዋ ይጠልቃል፤ ፍሬን ከተያዘ ደግሞ ይብስበታል። ጉብታ ላይ ሳትደርሱ ፍጥነት ቀንሱ፣ ላዩ ላይ ስትሆኑ ግን ፍሬኑን ልቀቁት። ይህ ልማድ ብቻውን አንድ ሁለት ሳንቲሜትር ያተርፋል።

የግቢ መግቢያ ሌላ ፈተና ነው። እዚያ የሚመታው ፓራውልት ነው። የፓራውልቱ የታች ጠርዝ ከመሬት 16 ሳንቲሜትር፣ ጎማው መሬት ከሚነካበት ነጥብ ደግሞ 60 ሳንቲሜትር ወደፊት ቢርቅ፣ መኪናዋ 15 ዲግሪ ያህል ቁልቁለትና ዳገት ትችላለች። 4 ሳንቲሜትር ስታወርዷት ወደ 11 ዲግሪ ትወርዳለች። ከመንገዱ ከፍ ብሎ የተሠራ ጋራዥ፣ ወይም ከመሬት በታች ማቆሚያ ያለው ሕንፃ ላይ የምትኖሩ ከሆነ ውሳኔያችሁን የሚወስነው ይህ ቁጥር ነው።

ለመሞከር መክፈል አያስፈልግም። ማውረድ ያሰባችሁት 3 ሳንቲሜትር ከሆነ፣ 3 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው የፍራሽ ፎም ቁረጡና ዝቅ ባሉት አካላት ላይ በጠንካራ ፕላስተር ለጥፉት፦ ከፓራውልቱ ሥር፣ ከብረት ድልድዩ ላይ። ጭስ ማውጫው አጠገብ እንዳታደርጉ፣ ይቀጣጠላል። ከዚያ የወትሮ ሕይወታችሁን ኑሩ። ልጆቹን አድርሱ፣ ገበያ ሂዱ፣ እሁድ ዘመድ ጠይቁ፣ ከኋላ ሦስት ሰው ጫኑ። ቅዳሜ ጠዋት ጎንበስ ብላችሁ ፎሙን እዩት። ጠርዙ አቧራ ብቻ ከያዘ ከፍታው ይሆናችኋል። ኮብልስቶን ካረሰው፣ ወይም ግማሹ ተቦጭቆ ከቀረ፣ መልሱን አግኝታችኋል፤ ያገኛችሁትም በፎም እንጂ በኮፓ አይደለም። ሙከራውን በበጋ የምታደርጉ ከሆነ ትንሽ ትርፍ ተዉ። ክረምት ሲገባ ጉድጓዱ ውኃ ሞልቶ ጥልቀቱ አይታይም።

ምርጫዎቹ

*በፋብሪካ ከፍታ መቆየት።* ለብዙ ሰው ትክክለኛው መልስ ይህ ነው፤ ያለ ምንም ቅሬታም ሊመረጥ ይገባል። የራይድ ሥራ የሚሠራ፣ ከኋላ ሦስት ተሳፋሪ ጭኖ ሻንጣቸውንም ይዞ ወደ ቦሌ የሚመላለስ፣ በየበዓሉ ክፍለ ሀገር ቤተሰብ ጋ በኮረኮንች የሚሄድ ሰው መኪናውን ባያወርዳት ይሻለዋል። መኪናዋ ተወዛወዘች፣ ኩርባ ላይ ተጋደመች የሚል ቅሬታ ካለው ችግሩ ከፍታው ሳይሆን የሞተ አሞርቲዛተር ሊሆን ይችላል። አራት ጥሩ አሞርቲዛተርና አዲስ ጎሚኒ (በብረት መጋጠሚያዎች መካከል የሚገባ ጎማ) ያላት ቪትዝ፣ በደከመ አሞርቲዛተር ላይ አጭር ሞላ ከገባላት ቪትዝ በእጅጉ ትሻላለች። መልኩን የሚፈልግ ሰውም ጥሩ ቸርኬ ቢገዛ ዓይን የሚስበው ነገር ግማሹ ይሟላለታል።

*ለማውረጃ የተሠራ ሞላ፣ ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር።* ምርጫዬ ይህ ነው። ሞላው አጭር ብቻ አይደለም፤ ለቀነሰው ጉዞ ማካካሻ እንዲሆን ጠንከር ተደርጎ የተሠራ ነው፣ ጫፉም በነበረው መቀመጫ ላይ በትክክል ያርፋል። መኪናዋ በክሪክ ስትነሳ እንኳ ሞላው አይላላም። የፋብሪካው አሞርቲዛተር ጤነኛ ከሆነ በዚህ መጠን አብሮት ይሠራል፤ ያረጀ ከሆነ ግን አብራችሁ ቀይሩት፣ የመፍቻው ሥራ አንድ ነውና ሁለት ጊዜ የእጅ ዋጋ አትክፈሉ። ስትገዙ በካርቶኑ ላይ ያለው የሞዴል ኮድ ከመኪናችሁ ትውልድና ሞተር ጋር መግጠሙን አረጋግጡ። የ1.0 እና የ1.5 ሊትር ሞተር ክብደታቸው ስለሚለያይ አንድ ዓይነት የፊት ሞላ ሁለቱን እኩል ዝቅ አያደርግም። በአራቱም ጎማ የምትነዳው ቪትዝ ደግሞ የራሷ ሞላ አላት።

ከፊትና ከኋላ እኩል ማውረድም ግዴታ አይደለም። ከኋላ ሰውና ዕቃ ስለሚጫን፣ ከፊት 2.5 ካወረዳችሁ ከኋላ 2 ወይም ከዚያ ያነሰ ቢሆን እመርጣለሁ። ባዶዋን ቆማ ስትታይ አፍንጫዋ በትንሹ ዝቅ ትላለች፤ ስትጫን ትስተካከላለች። ባዶዋን ቀጥ ያለች መኪና ግን ስትጫን ኋላዋ ተቀምጦ መብራቷ የፊት ለፊት ሹፌር ዓይን ላይ ያርፋል።

*ኮይልኦቨር።* ከፍታው በመፍቻ የሚስተካከል፣ ሞላና አሞርቲዛተር አብረው የሚመጡበት ነው፤ በቪትዝ ግን ከኋላ ሞላውና አሞርቲዛተሩ ለየብቻ ስለሆኑ ማስተካከያው ሞላው ሥር ይገባል። በአዲስ አበባ ትልቁ ጥቅሙ ዝቅ ማለት መቻሉ አይደለም። ክረምት ሲመጣ፣ ወይም ረጅም የኮረኮንች ጉዞ ሲታሰብ አንድ ሳንቲሜትር መልሶ ከፍ ማድረግ ማስቻሉ ነው። ግን ይህን የምታደርጉት ጥርሱ ካልዛገ ነው። አቧራና ጭቃ በተቀላቀለበት መንገድ የማይጸዳና የማይቀባ ጥርስ ከጊዜ በኋላ አልፈታ ይላል፤ ያኔ ውድ ገንዘብ የወጣበት ዕቃ ከፍታው የማይለወጥ ሞላ ሆኖ ይቀራል። ከፍታ በተለወጠ ቁጥርም አላይመንት (የጎማዎችን አቅጣጫ ማስተካከል) ያስፈልጋል። ርካሹን ዓይነት የምትመለከቱ ከሆነ፣ ከፍታው የሚለወጠው ሞላውን በመጭመቅ ነው ወይስ የአሞርቲዛተሩን የታችኛ አካል በማንቀሳቀስ ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛው የአሞርቲዛተሩን ጉዞ ሳይነካ ያወርዳል፤ የመጀመሪያው ይነካዋል። መኪና መነካካት ለሚወድ፣ ጊዜም ላለው ሰው እመክረዋለሁ። ሌላው ሰው በዚያው ገንዘብ ጥሩ ሞላና አራት አዲስ አሞርቲዛተር ቢገዛ ይጠቀማል።

*ሞላ ማስቆረጥ።* ርካሽ ነው፣ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። እኔ ግን ለማንም አልመክርም፤ ምክንያቱን በቁጥር ላስረዳ። የሞላ ጥንካሬ በሚሠሩት ዙሮች ቁጥር ይወሰናል። ስድስት ዙር ካለው ሞላ አንዱ ሲቆረጥ ጥንካሬው በ20 በመቶ ይጨምራል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፦ ጎማው ወደ ላይ የሚሄድበት ርቀት በግማሽ ከቀነሰ፣ ያንኑ የጉድጓድ ምት ለመዋጥ ሞላው አራት እጥፍ መጠንከር ነበረበት። 20 በመቶ ምኑም አይደለም። ስለዚህ አሞርቲዛተሩ በየጉድጓዱ ጫፉ ላይ ደርሶ ይመታል፤ ምቱን የሚቀበለው ከላይ ያለው መቀመጫና የመኪናዋ ቆርቆሮ ነው። የተቆረጠው ጫፍ ደግሞ መቀመጫው ላይ በትክክል አያርፍም፤ ጎማው አየር ላይ ሲንጠለጠል ሞላው ላልቶ ከቦታው ሊወጣ ይችላል። በእሳት አሙቆ ማስቀመጥ ከዚህም የከፋ ነው፤ ብረቱ በፋብሪካ ያገኘውን ጥንካሬ ያጠፋዋል፣ ሞላው ከዚያ ወዲያ መርገቡን ወይም መሰበሩን የሚያቆመው የለም።

ከ4 ሳንቲሜትር በላይ ስትወርድ ምን ይሆናል

አምስትና ስድስት ሳንቲሜትር ያወረደ ሰው መሬት መንካቱን እንደ ብቸኛ ዋጋ ይቆጥረዋል። በቪትዝ የፊት አሠራር ግን ሌላም ዋጋ አለ። የፊት ጎማውን ከሥር የሚይዘው ክንድ በፋብሪካ ከፍታ ወደ ውጭ ሲሄድ በትንሹ ያዘቀዝቃል ወይም ሜዳ ነው። መኪናዋ በጣም ስትወርድ የክንዱ የውጭ ጫፍ ከውስጡ ከፍ ይላል። ያኔ መኪናዋ ኩርባ ላይ የምትጋደምበት ማዕከል ከአካሏ በፈጠነ ሁኔታ ወደ ታች ይወርዳል፤ ውጤቱም ዝቅ ያለችው መኪና በጥንካሬ ካልተካሰ ይበልጥ መጋደሟ ነው። መሪው ጉድጓድ ላይ በራሱ ይጎትታል፣ ቴስቲናዎቹ (የመሪና የጎማ መጋጠሚያዎቹ) እና ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሱት ዘንጎች ባልለመዱት አቅጣጫ ይሠራሉ፣ የፊት ጎማ በውስጥ በኩል ቶሎ ይበላል። ለመንዳት ብሎ ያወረደ ሰው ይህን ሁሉ ከፍሎ የተሻለ አያያዝ አያገኝም።

ኋላዋ በዚህ ረገድ ብዙም አታስቸግርም። ተጣማሚው ምሰሶ ሲወርድ የጎማው አቀማመጥ ብዙም አይለወጥም። ለዚህ ነው ችግሩን ሁልጊዜ ከፊት የምትፈልጉት።

4 ሳንቲሜትር ማውረድ የሚስማማው ሰው፣ ከቤቱ እስከ ሥራው አስፋልት ብቻ የሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን የሚነዳ፣ ደስታውም ቅዳሜና እሁድ በአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ የሆነ ነው። እሱም በኮይልኦቨር ይሁን። ከ4 በላይ ማውረድ ለኤግዚቢሽን መኪና ነው፤ ሌላ መኪና ያለው ሰው ሊደሰትበት ይችላል።

ጎማው ሳታውቁት ያወርዳችኋል

ሁለተኛው ትውልድ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በ165/70/14 ነው፤ ቁመቱ 587 ሚሊሜትር ገደማ። ወደ 15 ቸርኬ ስትሄዱ 185/55/15 ብትመርጡ 584 ተኩል ይሆናል፣ ከሥር የምታጡት አንድ ሚሊሜትር ብቻ ነው። 195/50/15 ከሆነ 576 ነው፤ የግማሹ ልዩነት ወደ 5 ሚሊሜትር። 195/45/15 ግን 556 ተኩል ስለሆነ አንድ ሳንቲሜትር ተኩል በነጻ ወርዳችኋል፣ የፍጥነት መለኪያውም ያሳስታል። ይህ ጎማ ከ3 ሳንቲሜትር ሞላ ጋር ሲደመር አራት ተኩል ነው፤ ጎሚስታው ጋ ስትሄዱ ይህን ሒሳብ አትርሱ። የጎማው ግድግዳ ማጠሩም ለብቻው ይታሰብ፤ 165/70 ከቸርኬው እስከ መሬት 11 ተኩል ሳንቲሜትር ጎማ አለው፣ 195/45 ከ9 ያነሰ። ኮብልስቶንና ስለታም የአስፋልት ጠርዝ ቸርኬ የሚያጣምመው እዚህ ላይ ነው። ለወረደች ቪትዝ 185/55/15 እመርጣለሁ፣ ባለ 14 ቸርኬ ላይ መቆየትም ጥሩ ነው።

ከተሠራ በኋላ

በአሞርቲዛተሩ ዘንግ ላይ፣ መሸፈኛ ጎማውን ወደ ላይ ሰብስባችሁ፣ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩና ወደ ታች አስጠጉት። ጥቂት ቀን ከነዳችሁ በኋላ ማሰሪያው የተገፋበት ቦታ አሞርቲዛተሩ እስከ የት እንደተጨመቀ ይነግራችኋል። በየቀኑ መንገዳችሁ ላይ ዘንጉ ጫፍ ያለውን መከላከያ ጎማ የሚነካ ከሆነ ያወረዳችሁት ልክ በዝቷል፤ ኮይልኦቨር ከሆነ ከፍ አድርጉት፣ ሞላ ከሆነ ደግሞ አሞርቲዛተሩ መድከሙን አስመርምሩ።

አዲስ ሞላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥቂት ሚሊሜትር ይወርዳል። አላይመንቱን በገባበት ቀን አሠርታችሁ ነገሩ አለቀ አትበሉ፤ ሞላው ከረጋ በኋላ በቸርኬውና በፓራፋንጎው መካከል ያለውን ልኬት ደግማችሁ ውሰዱና ያኔ አስተካክሉት። የጎሚኒዎቹን መያዣ ብሎኖች መካኒኩ መጨረሻ ላይ የሚያጠብቃቸው መኪናዋ በአራት ጎማዋ መሬት ላይ ቆማ መሆኑን ቆማችሁ እዩ፤ በክሪክ ተንጠልጥላ ከጠበቁ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ስለሚቀር ቶሎ ይቀደዳል። የፊት መብራቱን ከግድግዳ አርቃችሁ አብሩና ከፍታውን አስተካክሉ። ለዓመታዊ ምርመራና ለኢንሹራንስ ደግሞ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ጠይቁ፤ የወጡትንም የፋብሪካ ሞላዎች ጠርጋችሁ፣ «የፊት ግራ»፣ «የፊት ቀኝ» ብላችሁ ጽፋችሁባቸው ቤት አስቀምጡ።